የራም መቀናጆ

ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ያጋደምናቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሥራቸው የእህቴን አሮጌ አንሶላ አንጥፈናል። ብሎኖቹ እንዳይቀላቀሉም በሁለት የሻይ ብርጭቆ ለየብቻ አድርገናቸዋል፤ የኔ በግራ፣ የጓደኛዬ በቀኝ። ክዳናቸው ተነስቶ ሆዳቸው ሲታይ ግን የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ዕቃዎቹን ሲሸጥ አንዱን እህቴ፣ ሌላውን የጓደኛዬ አጎት ገዝተዋቸው ነው ወደየቤታችን የገቡት። ቀጫጭን፣ ጥቁር፣ ጀርባቸው ላይ የንብረት ቁጥር የተለጠፈባቸው መንትዮች ነበሩ።

ጓደኛዬ የሱ እንደሚፈጥን እርግጠኛ ነበር። እኔ አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ የኔ እንደሚበልጥ አምን ነበር። ያን ቀን ከፍተን ያየናቸውም ክርክሩን ለመቁረጥ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እኔ ቤተሰቦቼ ቁይ አካባቢ ገበሬዎች ስለሆኑ ደብረ ማርቆስ ከእህቴ ጋር ቤት ተከራይተን ነው የተማርኩት፤ እሱ የከተማው ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከኛ ሁለት አጥር አልፎ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ከክፍላችን ያለፍነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። እኔ አለፍኩ፤ ምደባዬም እዚያው ከተማ ስለደረሰኝ ከእህቴ ቤት ሳልወጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ 'ፍሬሽ' የሚሉት፣ ሆንኩ። እሱ አላለፈም። በግል ተመዝግቦ እንደገና ሊፈተን ወሰነ፤ እስከዚያው ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠገንበት አንድ ሱቅ ገብቶ መሥራት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ስናወራ ቃል እንመርጥ ነበር። እኔ ስለ ክፍል አላወራም፤ እሱም አይጠይቅም። ሳንጠነቀቅ እንደ ድሮው የምንጨቃጨቅበት አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እሱም ኮምፒውተር ነው።

የምንጫወተው የጭነት መኪና መንዳት ነው። ጭነት ትረከባለህ፣ ዳገት ትወጣለህ፣ ዝናብ ይመጣል፣ የመስታወት መጥረጊያውን ታበራለህ። ሱቁ ውስጥ ባለው ጥሩ ኮምፒውተር ላይ ስናየው የዝናቡ ጠብታ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የኛዎቹ ላይ ግን መኪናው አይሄድም፤ ይዘላል።

"ያንተን መሪ ዛሬ ካዞሩት ነገ ነው የሚዞረው" አለኝ ጓደኛዬ።

"ያንተስ?"

"የኔ ማታውን።"

ታዲያ ያን ቅዳሜ አንድ በአንድ አነጻጸርን። ፕሮሰሰሩ አንድ ዓይነት። ሃርድ ዲስኩ አንድ ዓይነት። ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ከፊቱ ዘርግቶ የሚይዝበት ራም የሚባለው ቀጭን ሰሌዳም አንድ ዓይነት ነው፤ ለያንዳንዳቸው ባለ አራት ጊጋ አንድ አንድ። እኔ ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ፤ ዓይነቱን፣ ፍጥነቱን፣ ራሙ ላይ የተለጠፈውን ረጅም ቁጥር ሳይቀር። ጓደኛዬ እየሳቀ ያየኝ ነበር።

"ሳይንቲስቱ፣ የብሎኑንም ቁጥር ጻፈው።"

ጻፍኩት።

የቀረው ምን ቢጨመርበት እንደሚሻል መወሰን ነበር። የኔ ሐሳብ ግራፊክስ ካርድ ነበር፤ ምስል መሳልን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ ካርድ። ጓደኛዬ ግን ከሱቅ ያመጣውን አንድ የተቃጠለ ካርድ አስጠግቶ አሳየኝ። ካርዱ ከኮምፒውተሩ ሳጥን በአራት ጣት ይሰፋል። ቢገባ እንኳ ኮምፒውተሩን የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ስለሆነ አይችለውም። "ይኼ ሳጥን ለጸሐፊ ነው የተሠራው" አለ፤ "ደብዳቤ ጻፍ ብትለው ደስ ይለዋል።"

አባቴ ይህን ሁሉ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ዓይናቸውን ለመታየት ወደ ሆስፒታል መጥተው አራት ቀን እኛ ጋ ሰነበቱ። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ በሌላው ግን ምንም አያመልጣቸውም።

"ይኸ ምን የሚሠራ ነው?" አሉ፣ ጓደኛዬ በሁለት ጣቱ የያዘውን ራም እያዩ።

"አባባ፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ሜዳ ነው። ከጠበበ ይጨናነቃል።"

"አውድማ በለኛ።"

"እንደሱ ይበሉት።"

"ስንት ስንት አላችሁ?"

"አንድ አንድ።"

"የሚገባበት ቦታስ?"

"ቦታውማ በሁለቱም ሁለት ሁለት ነው። አንዱ ባዶ ነው።"

አባቴ ወደ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ጎንበስ አሉ። "እና ባለ አንድ በሬ ሁሉ እንዲህ ቁጭ ብሎ 'የኔ በሬ ይበልጣል፣ የኔ በሬ ይበልጣል' ሲባባል ዝናቡ አለፈ በሉኛ።"

ጓደኛዬ ሳቀ። "መቀናጆ ማለትዎ ነው?"

"ታዲያ ምን ልል ነው?"

መቀናጆ በኛ አገር አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ የሚያርሱበት ስምምነት ነው። ዛሬ ያንተ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የኔ። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት ነው ያደግሁት፤ ያም ሆኖ የራሙን ነገር ከዚያ ጋር አገናኝቼ አስቤው አላውቅም ነበር። ጓደኛዬም ያለው ይኸንኑ ነው፤ "ሱቅ ውስጥ ስውል እኔስ እንዴት አላሰብኩትም?" አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ሁለታችንም የምናስበው ስለምንገዛው ነገር ነበርና ያለን ነገር ትዝ አላለንም።

ያኔውኑ ሞከርነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ባለበት ለካሁ። ጨዋታው በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ ማዕዘኑ ላይ የሚነግር ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መኪናው ይለሰልሳል። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ዳገት፣ አንድ ዓይነት ዝናብ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። የኔ አሥራ አምስት። የሱ አሥራ አምስት። ስንት ወር የተከራከርንበት ነገር በዚህ አለቀ፤ ሁለታችንም ትንሽ አዘንን መሰለኝ።

ቀጥሎ ጓደኛዬ የራሱን ራም አውጥቶ የኔ ኮምፒውተር ባዶ ቦታ ላይ ሰካው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። አበራነው። ያንኑ ዳገት ወጣን። ሃያ ስድስት።

መኪናው አልዘለለም። ጠብታው መስታወቱ ላይ ተንሸራተተ። አባቴ ሳይቀሩ ከአልጋው ተነስተው ጠጋ አሉ።

"ምን ጭኖ ነው?"

"ሲሚንቶ፣ አባባ።"

"በዝናብ?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔን ግን ከመኪናው ይልቅ ቁጥሩ ያዘኝ። ሜዳው ስለሰፋ ነው እንዳልል፣ ጨዋታው አራት ጊጋውንም ሙሉ በሙሉ እንደማይጠቀም አይቻለሁ። ታዲያ ፍጥነቱ ከየት መጣ? በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ የሱቁን ባለቤት አስፈቅዶ ባለ ስምንት ጊጋ አንድ ራም ለአንድ ሰዓት አመጣልኝ። የሁለታችንን ድምር የሚያህል በአንድ ሰሌዳ መሆኑ ነው። ብቻውን ሰክተን ለካን። አሥራ ሰባት። እንደገና ለካሁ። አሥራ ሰባት። አውጥተን ሁለቱን ትንንሾች መለስናቸው፤ ሃያ ስድስት።

ሦስት ገጽ ሞላሁ። በዚያው ማታ አንብቤ እንደተረዳሁት የኛ ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው ምስሉን የሚስለው፤ ለያንዳንዱ ምስል የሚያስፈልገውን ከራሙ ያመላልሳል። ራሙ አንድ ሲሆን የሚመላለሰው በአንድ መንገድ ነው። ሁለት ሲሆን ሁለት መንገድ ይከፈትና ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀበላል። አንድ ትልቅ ራም ሜዳውን ያሰፋል እንጂ መንገድ አይጨምርም።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው አልተደነቁም። "በአንድ በሬ ግማሽ ማሳ ይታረሳል ያለህ ማነው? ምንም አይታረስም" አሉኝ። ቀጥለው ግን ራሳቸው ጠየቁ፤ "የነዚህ ግን አንዱም ብቻውን ይጎትታል አይደል? ይኸስ ከበሬ ይሻላል።" ወደ ቁይ ሲመለሱ መናኸሪያ ውስጥ መኪናው እስኪሞላ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይህንኑ ነገር ሲያሰላስሉ ነበር።

የመቀናጆውን ሕግ ያወጡልን እሳቸው ናቸው። ሳምንት ለኔ፣ ሳምንት ለሱ፤ ርክክቡ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። በሌላው ተራ በሬህን አትጠራም። እኛ ደግሞ የራሳችንን ጨመርን። ራሞቹ የሚጓጓዙት ጓደኛዬ ከሱቅ ባመጣው ብርማ ላስቲክ ተጠቅልለው ነው፤ አቧራውን የሚጠርገው ባለተራው ነው፤ ጨዋታውም አንድ ነው። በፍላሽ እየገለበጥን እሱ ካቆመበት እኔ፣ እኔ ካቆምኩበት እሱ እንቀጥላለን። አንድ መኪና ሁለት ሾፌር ይዞ መጓዝ ጀመረ።

ተራው ያልሆነ ሰው ኮምፒውተር ራም ስለሌለው አይነሳም። ቁልፉን ስትጫነው ሦስት ጊዜ ይጮኽና ዝም ይላል። የኔ ሲጮህ ብዙም አልተቸገርኩም፤ የቤት ሥራዬን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባለው የኮምፒውተር ክፍል እሠራለሁ። የሱ ሲጮህ ምን እንደሚያደርግ ጠይቄው አላውቅም።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሄድን። ከዚያ አክስቴ ደወሉ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ። ለማለፌ ስጦታ እንዳልሰጡኝ ጸጽቷቸው ኖሮ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። መጀመሪያ "ምንም አልፈልግም፣ እትዬ፣ የርስዎ ጤና ይበቃኛል" አልኩ። እንደገና ጠየቁ። በሦስተኛው "ኮምፒውተሬ ራሙ ትንሽ ነው፤ ቢጨመርበት ጥሩ ነበር" አልኩ።

"ምን ዓይነት ነው የሚባለው? ሱቅ ስገባ ምን ልበል?"

ደብተሩ ከፊቴ ነበር። ዓይነቱ፣ ፍጥነቱ፣ መጠኑ፣ ሁሉም በጽሑፍ አለ፤ አንብብ ብባል ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን ታላቅ ሰው ከኪሱ ሊሰጥህ ሲል "ዲዲአር ሦስት ይሁን፣ ፍጥነቱም ይህን ያህል" ማለት ማዘዝ መሰለኝ። "ያገኙት ይበቃኛል፣ እትዬ፤ እንዳይቸገሩ" አልኩ።

"የኔ ጌታ፣ አንተ መቼም ሰው አታስቸግርም" አሉኝ። ደስ አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። አዲሱ ራም ሲመጣ ጥንድ ባለቤት እሆናለሁ። መቀናጆ አያስፈልገኝም። ጓደኛዬ አንድ ራም ይዞ ወደ አሥራ አምስቱ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ፣ ጥንድ ያለኝም እኔ። በሳምንት አንዴ እኩል የምንሆንባት ነገር ልታልቅ ነው።

ልነግረው አሰብኩ። በመጀመሪያው እሑድ ሰው ነበር። በሁለተኛው ዝናብ ነበር። በሦስተኛው ፈተናው ስለተራዘመበት ተበሳጭቶ ስለመጣ አልጨምርበትም ብዬ ተውኩት። ሲደርስ አሳየዋለሁ፣ ሲያየው እሱም ይደሰታል፣ መለካት ይወዳል፣ አብረን እንለካዋለን እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እነዚህን ሁሉ ምክንያቶች በጥንቃቄ ነበር የማሰናዳው።

በአራተኛው ሳምንት አባቴ ደወሉ። ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤፉ ከነገሩኝ በኋላ፣

"ሁለተኛ በሬ ልትገዛ ነው አሉ" አሉኝ።

"እትዬ ነገሩዎት?"

"ነገረችኝ። ለዚያ ልጅ ነገርከው?"

"ገና ነኝ።"

አባቴ ስልክ ላይ ሲያወሩ ሒሳቡ እንዳይቆጥር ይቸኩላሉ፤ ያን ቀን አልቸኮሉም። "በኛ ዘንድ" አሉ፤ "ሰው በሬ ሊገዛ ገበያ ከመውረዱ በፊት ለተቀናጀው ሰው ይነግረዋል። ያኛውም ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ይኖረዋል። በሬ መግዛት ነውር አይደለም። ነገር ግን በሬ በኪስ አይገባም፤ እየነዳኸው ስትመጣ መንደሩ ሁሉ ያይሃል። ሳትነግረው ቢያይህ ምን ይልሃል?"

"በዚህ እሑድ እነግረዋለሁ" አልኩ። አልነገርኩትም።

ራሙ ቅዳሜ በአውቶቡስ ረዳት እጅ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ትንሽ ካርቶን ናት፤ ውስጧ ቀይ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ስምንት ጊጋ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር የኮምፒውተር ዕቃ በእጄ ይዤ አላውቅም። የሚቀጥለው ቀን የርክክብ እሑድ ነበር፤ ሳምንቱ የኔ ስለነበር ሁለቱም ራሞች እኔ ጋ ናቸው፤ ተራው ወደ ጓደኛዬ ይሻገራል። ከቅዳሴ በፍጥነት ወጥቼ ቤት ሮጥኩ። እሱ ሳይደርስ ልሞክረው፣ ቁጥሩን ልያዝ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ።

ክዳኑን ከፈትኩ። የጓደኛዬን ራም አውጥቼ አንሶላው ላይ አስቀመጥኩና በቦታው አዲሱን ገፋሁ። አልገባም። ገልብጬ ገፋሁ። አልገባም። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ገፋሁና ደነገጥኩ፤ ማስገቢያው የተሰበረ መሰለኝ። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ርዝመታቸው እኩል ነው። ከታች በኩል፣ ሰሌዳው እንዲገጥም የተቆረጠችው ክፍተት ግን ቦታዋ የተለያየ ነው፤ የጥፍር ስፋት የሚያህል ብቻ። ካርቶኑን አነበብኩ። ዲዲአር አራት ይላል፤ የኛዎቹ ሦስት ናቸው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጓደኛዬ ነጠላውን እንደለበሰ ነው የገባው።

መጀመሪያ ያየው ካርቶኑን አይደለም። አንሶላው ላይ ብቻዋን የተቀመጠችውን የራሱን ራም ነው ያየው።

"የኔን አወጣኸው?"

"ልሞክር ብዬ ነው።"

"ምኑን?" አለና ቀዩን አየ። "ማን ላከልህ?"

"አክስቴ።"

"መቼ ጠየቅሃቸው?"

መዋሸት እችል ነበር። "አምስት ሳምንት ሆነው" አልኩ።

አልጋው ላይ ተቀመጠ። "አምስት እሑድ" አለ። "አምስት እሑድ 'ያንተ ራም እንዴት አደረ' እያልክ ስትቀልድ ታውቅ ነበር።"

"ልነግርህ እያሰብኩ ነበር።"

"ፍሬሽ፣ አስበህ ጨረስክ?"

እሱ ደግሞ አዲስ ዕቃ አይቶ መተው የማይችል ሰው ነው። እንደተቆጣ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። አንዴ ገለበጠው።

"ይኼ እዚህ አይገባም።"

"አውቃለሁ። አሁን አየሁት።"

"ገፍተኸዋል?"

"ትንሽ።"

የስልኩን መብራት አብርቶ ማስገቢያው ላይ አጎነበሰ፤ ረጅም ጊዜ አየ። እኔም ከጀርባው አጎነበስኩ። "አልተሰበረም" አለ በመጨረሻ። "ዕድለኛ ነህ።" ቀና ብሎም ደብተሬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። "ይኸው እዚህ ጽፈኸዋል። የብሎኑን ቁጥር ሳይቀር ጽፈሃል። ለምን አልነገርካቸውም?"

"ሲጠይቁኝ ማዘዝ መሰለኝ።"

"እኔስ? ለኔ መንገርም ማዘዝ መሰለህ?"

"አይደለም። ከነገርኩህ ትተኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ።"

"ሰው የሚሄደው ሳይነገረው ሲቀር ነው" አለ። የራሱን ራም አንስቶ መዳፉ ላይ ያዘው፤ ወደ ላስቲኩ ግን አልከተተውም።

ስልኬ ጠራ። አክስቴ ናቸው።

"ደረሰልህ ወይ የኔ ጌታ? ሠራልህ?"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ፤ በጣም..." አልኩና ቆምኩ። 'በጣም ጥሩ ነው' ልል ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር። እንዲያ ብላቸው አክስቴ ይደሰታሉ፤ ራሙም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም አይቀየመኝም። ጓደኛዬ ግን ከአልጋው ላይ ያየኝ ነበር። ይህንንም ቢሰማ ከዚያ በኋላ የምነግረውን ነገር ሁሉ እንደማያምነኝ አወቅሁ።

"አልገባም፣ እትዬ" አልኩ።

"ተበላሽቶ ነው?"

"አይደለም፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሲጠይቁኝ አልነገርኩዎትም።"

"እኔማ ጠይቄህ ነበር" አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የገረማቸው ይመስላሉ። "ሻጩ ምን ዓይነት ሲለኝ፣ የወንድሜ ልጅ ያገኙት ይበቃኛል ካለማ የሚበልጠውን ነው የምልከው ብዬ ውዱን አነሳሁልህ። በል አሁን አስጽፈኝ። እስክሪብቶ ይዣለሁ። በረዳቱ እጅ መልሰህ ላክልኝ፣ እለውጠዋለሁ።"

ጓደኛዬ ደብተሩን ገልጦ ከፊቴ ያዘልኝ። ዓይነቱን አነበብኩ። ፍጥነቱን አነበብኩ። ባለ አራት ጊጋ አልኩ። አክስቴ አንድ በአንድ ደግመው አነበቡልኝ፤ ትክክል ነበር።

"ይኸማ ትንሹ አይደለም እንዴ? በዚያኛው ዋጋ ከአንድ በላይ ይመጣል። ስንት ላድርገው?"

ሁለት ልል ነበር። አንድ ለኔ፣ አንድ ለሱ፤ ሁሉም ሰው ይደሰታል። ጓደኛዬ የሰማ ይመስል ራሱን ነቀነቀና አንድ ጣቱን አነሳ።

"አንድ" አልኩ።

ስልኩ ሲዘጋ "ለምን አንድ?" አልኩት።

"ሁለት ከላኩ አንዱ ለኔ ምጽዋት ነው፤ አልፈልግም። የሚመጣው አንዱም ላንተ ብቻ አይደለም። ካልተስማማህ የኔን ይዤ እሄዳለሁ።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"የአክስትህ ነው። እኛ ጋ ያርሳል።" ነጠላውን አስተካከለ። "ሦስት ይሆኑልናል። ባለተራው ጥንዱን ይይዛል፤ ሦስተኛው ተራው ላልሆነው ሰው ይቀራል። አይፈጥንም፣ ግን ይነሳል። የድሮ ፈተናዎች ሁሉ ያሉኝ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ባንተ ሳምንት ማንበብ አልችልም።"

ከሦስት ወር በላይ፣ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ራሙን ከእጁ ስቀበል የማጥኛውን ጊዜ ነበር የምቀበለው።

"ይህን ነግረኸኝ አታውቅም" አልኩት።

"አልጠየቅከኝም። ደግሞ አንተም አልነገርከኝም" አለ። ፊቱ ላይ ያለው ኩርፊያ ገና አልሄደም ነበር። "ዛሬ ተራው የኔ ነው። ያንተን አውጣ።"

ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው። ሁለቱን መያዣዎች በአውራ ጣቶቼ ወደ ውጭ ገፋሁ፤ ራሙ ራሱ ብቅ አለ። ሰጠሁት። ሁለቱን ራሞች በብርማው ላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ፤ ፍላሹንም ተቀበለኝ። እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘሁት።

"መኪናው የት ነው ያለው?" አለ ሳይዞር።

"ዳገቱ አጋማሽ ላይ። ዝናብ ጀምሯል።"

"ጭነቱ?"

"ሲሚንቶ።"

ቆመ። "አሁንም ሲሚንቶ? አባትህ ከነገሩህም በኋላ?"

"የሚሻል ክፍያ ያለው እሱ ነበር።"

"እሺ" አለ፤ "በቀስታ አወጣዋለሁ።" እና ሄደ።